ተማሪው ተጠየቀ፤ ባለጉዳዩስ?

በሶሻል ወርክ ትምህርት ላይ ከሚታተሙት የጥናት ጽሑፎች መካከል አንዱን በዘፈቀደ መዝዘን ብናነብ፣ ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ይህን የሚመስል ነው። አንዲት መምህርት የምትሰጠውን ኮርስ በአዲስ ዘዴ ለማስተማር ትወስናለች። ክፍሉ ውስጥ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ተማሪዎች አሉ። በመጀመሪያው ቀን መጠይቅ ታድላለች፤ ሐዘን ላይ ካለ ቤተሰብ ጋር ለመነጋገር ምን ያህል በራስህ ትተማመናለህ፣ ከአንድ እስከ ሰባት ባለው ቁጥር አክብብ ይላል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንኑ መጠይቅ መልሳ ታድላለች። አማካዩ ከአራት ተነሥቶ አምስት ተኩል ይደርሳል። ሁለት ሦስት ተማሪዎች በጽሑፍ የሰጡት ሞቅ ያለ አስተያየት ይታከልበታል። መደምደሚያው አዲሱ ዘዴ ተስፋ ሰጪ መሆኑን ይገልጽና፣ የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብሎ ይዘጋል።

ይህ የአንድ የታወቀ ጽሑፍ ታሪክ አይደለም፤ የብዙዎቹ የጋራ መልክ ነው። መምህርቷም ያጠፋችው የለም። የምርምር ገንዘብ የላትም፣ ጊዜ የላትም፣ ያላት ክፍሏ ብቻ ነው። ግን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል፤ ሐዘንተኛው ቤተሰብ። ተማሪዋ ከተመረቀች በኋላ የዚያን ቤተሰብ በር አንኳኩታ ስትገባ ምን እንዳለች፣ ቤተሰቡስ እፎይ ብሎ እንደሆነ ወይም ይብስ ተከፍቶ እንደሆነ የሚነግረን ገጽ የለም። የዚህን ዘርፍ የምርምር አካሄድ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ ከዚህ ጉድለት ቢጀምር ይሻለዋል። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድለቱ ከየት መጣ? ሙያውና ትምህርት ቤቱ እኩል የተወለዱ ናቸው ማለት ይቻላል። በ1897 ሜሪ ሪችመንድ የተባለች አሜሪካዊት የበጎ አድራጎት ሠራተኛ፣ ድሆችን የሚረዱ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ያስፈልጋል ስትል በአንድ ጉባኤ ላይ ተናገረች። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ የስድስት ሳምንት የክረምት ሥልጠና ተከፈተ፤ የዛሬው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት መነሻ ያ ነው። በ1899 አምስተርዳም የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አቋቋመች። በርሊን ውስጥ አሊስ ሳሎሞን በ1908 የሴቶች የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ከፈተች። ትምህርቱ ሲስፋፋ ግን አንድ ጥያቄ ተከትሎት መጣ፤ ይህ በእርግጥ ሙያ ነውን?

ጥያቄውን በአደባባይ ያነሣው አብርሃም ፍሌክስነር ነበር። ይህ ሰው በ1910 ባወጣው ዘገባ የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አብጠርጥሮ ደካሞቹ እንዲዘጉ ምክንያት የሆነ፣ ስሙ ብቻ መምህራንን የሚያስደነግጥ ሰው ነው። በ1915 ባልቲሞር ላይ በተደረገ ጉባኤ ሶሻል ወርክ ሙሉ ሙያ አይደለም አለ። ምክንያቱ ባጭሩ፣ ሶሻል ወርከሩ ባለጉዳዩን ከሐኪም፣ ከዳኛ፣ ከመምህር ጋር ያገናኛል እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የራሱ የሆነ ዘዴ የለውም የሚል ነበር። የሚገርመው፣ ንግግሩን ሲጀምር ስለ ጉዳዩ ያለው እውቀት ውስን መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ይህን ግን ማንም ልብ ያለው አይመስልም። ፍርዱ ብቻ ቀረ። ሪችመንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ማኅበራዊ ችግር ምርመራ ያሳተመችው ወፍራም መጽሐፍ፣ አስባበትም ይሁን ሳታስብበት፣ ዘዴማ አለን የሚል መልስ ሆኖ ተነበበ።

ፍሌክስነር ካለፈ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ጥላው ከጽሑፎቹ ላይ አልተነሣም። ራሱን ገና ማስረዳት ያለበት ሙያ የሚጽፈው ስለ ራሱ ነው። ምን እናስተምር፣ ስንት ዓመት እናስተምር፣ ከሥነ ልቦናና ከሶሲዮሎጂ በምን እንለያለን፤ የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ጽሑፎች በአብዛኛው በዚህ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። በመካከሉ አንድ የሚያስደንቅ ሥራ አለ። ሳሎሞን የየአገሩን ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት አሰባስባ በ1937 አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት አሳተመች፤ ዘርፉን በሙሉ በአንድ ዓይን ለማየት ከተደረጉት ሙከራዎች ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት የናዚ መንግሥት ከአገሯ አስወጣት። የዓለምን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች በአንድ መጽሐፍ ያሰባሰበችው ሴት ኒውዮርክ ውስጥ በስደት አረፈች።

ጆርናሎቹ የመጡት ዘግይተው ነው። የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት በ1952 ተቋቋመ፤ የራሱን ጆርናል ማሳተም የጀመረው በ1965 ነው። እንግሊዞቹ ለትምህርቱ ብቻ የሚሆን ጆርናል በ1981 አቋቋሙ። ይህ በሆነበት ዘመን አካባቢ ሙያው ከውስጥ የተሰነዘረ ከባድ ምት ገጥሞት ነበር። ጆኤል ፊሸር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ያላቸውን 11 ጥናቶች አገላብጦ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ለግለሰቦችና ለቤተሰቦች ያደረጉት ክትትል ውጤት ስለማምጣቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። እንደ ፍሌክስነር ከውጭ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ይታለፍ ነበር፤ ፊሸር ግን የቤቱ ልጅ ነው። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ፣ የተሻለ ውጤት ያሳዩ አዳዲስ ጥናቶችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ «ውጤቱን በምን ታውቃላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከክፍል አልወጣም። በ1990ዎቹ ከሕክምናው ዓለም የመጣው በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር የሚባለው ንቅናቄ በቀላሉ መሬት ያገኘው ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ጆርናሎቹ ራሳቸው የሚነገር፣ ዛሬም የሚያከራክር ታሪክ አለ። ዊልያም ኤፕስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሶሻል ወርክ ምሁር በ1980ዎቹ አንድ የሐሰት ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉ በአስም የሚሠቃይ ሕፃን ለጊዜው ከወላጆቹ ተለይቶ ቢቆይ ይሻለው እንደሆነ የሚመረምር ይመስላል። ኤፕስታይን ሁለት ቅጂ ሠራ፤ በአንደኛው መለየቱ ጠቀመ፣ በሁለተኛው አልጠቀመም። የቀረው፣ ዘዴውም ትንታኔውም፣ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ከ140 ለሚበልጡ ጆርናሎች፣ ለከፊሎቹ ይህን ለከፊሎቹ ያንን ላከ። በ1990 ባሳተመው ዘገባ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ጆርናሎቹ «ጠቀመ» ወደሚለው ያደላሉ የሚል ነበር። አንዳንድ አርታኢዎች ተታለልን ብለው በጣም ተቆጡ፤ በሙያ ማኅበሩም ዘንድ የሥነ ምግባር ክስ ቀርቦበት በኋላ ተተወ። ገምጋሚዎችን ሳያስፈቅዱ መሞከር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ አርታኢዎቹ የተቆጡት ያለ ምክንያት ነው አልልም። ግን በዚህ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ያየናት መምህርት አማካዩ ከአራት ወደ ሦስት ቢወርድባት ጽሑፉን ትልከዋለች ወይስ መሳቢያ ውስጥ ትተወዋለች? ከኤፕስታይን በኋላ ይህን ሳያስብ ማንበብ ይከብዳል።

እንግዲህ ወደ መጠይቁ እንመለስ። ዶናልድ ከርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ በ1959 የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ ከፍሎ ለማየት የሚያስችል መለኪያ አቀረበ። ተማሪው ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራ ላይ አዋለው ወይ? በመጨረሻስ ሥራው ምን ለውጥ አመጣ? በብሪታንያ ጆን ካርፐንተር ይህን መለኪያ ለሶሻል ወርክ ትምህርት አስማምቶ፣ የተጻፉትን ጥናቶች ሲመረምር ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ የቆሙ ሆነው አገኛቸው። ሦስተኛው ላይ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ አራተኛው ላይ የሚደርስ ለመቁጠር እንኳ አይበቃም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎችም ቢሆኑ እንደሚመስሉት ቀላል አይደሉም። አንድ ተማሪ በመስከረም ወር «በሱስ የተያዘን ሰው ማነጋገር እችላለሁ» ብሎ አምስትን ያከብባል። በጥር ወር የሱስን ባሕርይ፣ ሰው ለምን እንደሚክድ፣ ለምን እንደሚመለስበት ተምሯል፤ የማያውቀው ምን ያህል እንደሆነ አሁን ገብቶታል። እንደገና አምስትን ያከብባል። በወረቀቱ ላይ ምንም ለውጥ የለም። በጭንቅላቱ ውስጥ ግን የመስከረሙ አምስትና የጥሩ አምስት አንድ አይደሉም፤ የሚለካው ሰው ብቻ ሳይሆን መለኪያውም ተለውጧል። ለዚህ መላ የተባለው፣ ተማሪውን በመጨረሻው ቀን «መስከረም ላይ የት ነበርኩ ትላለህ?» ብሎ ወደ ኋላ መጠየቅ ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ መምህሩን ማስደሰት የሚፈልግ ተማሪ ያለፈውን ራሱን ዝቅ አድርጎ ቢያሳይ ማን ያውቅበታል?

ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ከተሞከሩት ሁሉ የበለጠ የሚያረካኝ የቶሮንቶው ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ማሪዮን ቦጎና ባልደረቦቿ አንድ የሕክምና ፈተና ተዋሱ። ፈተናውን በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ላይ ያስተዋወቀው ሮናልድ ሃርደን ነው፤ የሕክምና ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል እየገባ በየክፍሉ የተቀመጠውን አስመሳይ ታካሚ ይመረምራል። በቶሮንቶ ታካሚው በባለጉዳይ ተተካ። አስቡት፤ ተማሪዋ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትገባለች። ከፊት ለፊቷ የሠለጠነች ተዋናይት ተቀምጣለች፤ ልጇን የማጣት ሥጋት ያለባት እናት ሆና ትሠራለች እንበል። እናትየዋ ለመጀመሪያው ጥያቄ አትመልስም፣ መስኮቱን ታያለች። ለሁለተኛው «እናንተ ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ» ትላለች። ሩብ ሰዓት ያህል አለ። ፈታኙ ከጥግ ሆኖ ተማሪዋ ዝም ማለትን ትችል እንደሆነ፣ ቁጣውን እንደ ስድብ ወይስ እንደ ፍርሃት እንደሰማችው፣ የምታናግራት ሴት ከየት ባህል እንደመጣች ልብ ብላ እንደሆነ ይመዘግባል። ቀጥሎ ተማሪዋ ለፈታኙ ምን እንዳደረገችና ለምን እንዳደረገች ታስረዳለች። ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው ፈተናውን ከሐኪሞቹ የሚለየው። ጥሩ ሠርታ ለምን እንደሠራችው የማታውቅ አለች፤ አበላሽታ የት እንዳበላሸች በትክክል የምትናገርም አለች፤ ማንኛዋ የተሻለች ሶሻል ወርከር ትሆናለች ብሎ መከራከር ይቻላል።

በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥናቶች አንድ የማያስደስት ነገር አመጡ። ተማሪው በራሱ ላይ ያለው መተማመንና ተዋናይዋ ፊት ያሳየው ችሎታ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። እንግዲያው በመጠይቅ ብቻ የተሠራው የዓመታት ክምር ምን ይነግረናል? ምንም አይደለም ማለት ግፍ ነው። ስለ ተማሪዎቹ ስሜት ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ሥራቸው ግን ጥቂት። የቦጎ ቡድን የመስክ ልምምድ ተቆጣጣሪዎችንም አጥንቷል፤ በአብዛኛው ለሁሉም ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ለሙያው የማይሆነውን ተማሪ መጣል ይከብዳቸዋል። ሰውን ለመርዳት ሙያ የገባ ሰው ሰውን መጣል ቢከብደው አይገርምም፤ ተቋሙ ውስጥ ወራት አብሮት ቡና የጠጣን ልጅ ደግሞ ይልቁን።

አሁን ደግሞ የምርምሩን አቅጣጫ ማን እንደሚመራው እንይ። አንባቢ የሚገምተው ተመራማሪዎች ጥያቄ ያነሣሉ፣ መልሱ ሲገኝ ደንብ ይወጣል ብሎ ነው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የአሜሪካው ምክር ቤት በ2008 ለትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጥበትን መስፈርት ሲለውጥ አሥር መሠረታዊ ብቃቶችን ዘረዘረ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶች የሚጠየቁት ምን አስተማራችሁ ተብለው ሳይሆን ተማሪው ምን ይችላል ተብለው ሆነ። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን በ2005 እያንዳንዱ ሙያ መለያው የሆነ የማስተማሪያ መንገድ አለው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሐኪሞች በታካሚ አልጋ ዙሪያ፣ የሕግ ተማሪዎች በጥያቄና መልስ ይማራሉ። የ2008ቱ መስፈርት ይህን ሐሳብ ወስዶ የሶሻል ወርክ መለያ የመስክ ልምምድ ነው ብሎ አወጀ። በቀጣዮቹ ዓመታት የታተሙትን ርዕሶች የሚያይ ሰው ብቃት፣ ብቃትን መለካት፣ መለያ የሆነው የመስክ ልምምድ እያለ ይሰለቻል። የመስክ ልምምድ በ2008 አልተፈለሰፈም፤ ከመጀመሪያው የኒውዮርክ ክረምት ጀምሮ ነበረ። የተለወጠው ለእውቅና የሚቀርበው ፎርም ነው። ፎርሙን የሚሞላው መምህር ደግሞ ከሰበሰበው ቁጥር አንድ የጥናት ጽሑፍ ቢያወጣ የሚጎዳው ነገር የለም። በ2022 የተሻሻለው መስፈርት ፀረ ዘረኝነትን በግልጽ ሲያስገባ፣ ጽሑፎቹም ወደዚያው አዘነበሉ።

እንግሊዝ አገር ሌላ መልክ አላት። የሦስት ዓመቱ ዲግሪ በ2003 ሲጀመር መንግሥት አንድ ግዴታ ጣለ፤ ተገልጋዮችና ተንከባካቢ ቤተሰቦች በትምህርቱ ውስጥ ይሳተፉ፣ ተማሪ ሲመለመልም፣ ሲማርም፣ ሲመዘንም። ስለዚህ የብሪታንያው ጽሑፍ ክምር ውስጥ አሜሪካው ውስጥ ብዙም የማይታይ ሰው አለ፤ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የተኛ፣ በመንግሥት ማሳደጊያ ያደገ፣ ክፍል ገብቶ ለወደፊት ሶሻል ወርከሮች የሚያስተምር ሰው። ስዊድን ውስጥ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ አንድ እርምጃ ቀድሞ ሄደ፤ ተማሪዎችና የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች እኩል ተመዝግበው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው የሚማሩበት ኮርስ ከፈተ። እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ ባለጉዳዩ በመጨረሻ አለ። እርግጥ የሚጻፈው በአብዛኛው ተማሪዎቹ በእሱ መገኘት ምን እንደተሰማቸው ነው። አይ መጠይቅ!

እንግሊዝ አገር የፖለቲካውም እጅ ረጅም ነው። በ2007 ለንደን ውስጥ ፒተር ኮነሊ የተባለ ሕፃን፣ ሶሻል ወርከሮችም ሐኪሞችም እያዩት፣ በቤቱ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ የጋዜጦቹ ቁጣ በሶሻል ወርከሮቹ ላይ ወረደ። ግብረ ኃይል ተቋቋመ፣ ማሻሻያ መጣ፣ በ2013 ጎበዝ ምሩቃንን በአምስት ሳምንት ሥልጠና አስጀምሮ ወደ ሥራ የሚያስገባ ፍሮንትላይን የሚባል ፈጣን ፕሮግራም ታወጀ። በ2014 ደግሞ ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ዘገባ አወጡ። ለትምህርት ሚኒስቴር የጻፈው ማርቲን ናሬይ ሥልጠናው በሕፃናት ጥበቃ ላይ ያተኩር፣ ስለ ጭቆና የሚሰጠው ትምህርት በዝቷል አለ። ለጤና መሥሪያ ቤቱ የጻፈው ዴቪድ ክሮይስዴል-አፕልቢ ሶሻል ወርከር የተግባር ሰው ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ሳይንስ ሰውም ነው፣ ትምህርቱ ሰፊ ሆኖ ይቆይ አለ። ሁለቱም ማስረጃ አለን ይላሉ። ፍሮንትላይንን የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲገመግሙ ተዋናዮችን ተጠቅመው የፍሮንትላይን ሠልጣኞች ከሌሎቹ የተሻለ ማነጋገራቸውን አገኙ። ተቺዎች ወዲያው፣ ሲገቡስ የተሻለ ውጤት ያላቸው ተመርጠው አይደለም ወይ አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የአንድን ትምህርት ቤት ጉብዝና ከተማሪዎቹ ጉብዝና መለየት በዚህ ዘርፍ እስካሁን ያልተፈታ ችግር ነው።

ስለ ኮቪድ ዘመን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2020 የመስክ ልምምድ ሲቋረጥ የአሜሪካው ምክር ቤት ከሚፈለገው ሰዓት 85 በመቶው እንዲበቃ ፈቀደ፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ400 ወደ 340፣ ለማስተርስ ከ900 ወደ 765 ሰዓት። ስለ ኦንላይን ትምህርት የተጻፈው ጎርፍ ሆነ፤ አብዛኛውም መግቢያው ላይ ያየነው ዓይነት ጽሑፍ ነው። የሚያሳዝነው ያመለጠው ዕድል ነው። የ340 ሰዓትና የ400 ሰዓት ተመራቂዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከዓመታት በኋላ ሥራቸውን ማየት፣ ያ የ400 ቁጥር ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነግረን ይችል ነበር።

የዘርፉን አቅጣጫ እናሳያለን የሚሉ ሥራዎች በቅርብ ዓመታት በዝተዋል። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ተመራማሪው ዌብ ኦፍ ሳይንስ ወይም ስኮፐስ ከሚባሉት የመረጃ ቋቶች ውስጥ «የሶሻል ወርክ ትምህርት» የሚል ሐረግ ያለባቸውን ጽሑፎች ሁሉ ያወርዳል። ከዚያ ቮስቪውወር በሚባል፣ በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች በ2010 ባስተዋወቁት ሶፍትዌር ውስጥ ይጨምራቸዋል። ሶፍትዌሩ የትኛው ቁልፍ ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚገኝ ቆጥሮ በቀለም የተለያዩ ክቦችን ይሥላል። ትልቁ ክብ ብዙ የተጻፈበት ነው፤ የተቀራረቡት ክቦች አብረው የሚነሡ ጉዳዮች ናቸው። ሥዕሉ ያምራል። ጠቃሚም ነው፤ ሺህ ጽሑፍ ማንም አያነብም። ችግሩ ቋቱ ውስጥ የሌለ ነገር ክብ የለውም። ቋቶቹ ውስጥ ያለው ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያና ከካናዳ የመጣ።

ሥዕሎቹ ላይ በቅርብ ጊዜ እየጎላ የመጣ አንድ ክብ አለ፤ ትምህርቱን ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ማላቀቅ የሚለው። የ2014ቱ የሙያው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ የነባር ሕዝቦችን እውቀት በስም ጠቅሶ ማስገባቱ ረድቶታል። በሥዕሉ ከተመራን ሐሳቡ የትናንት ልጅ ነው። ጄምስ ሚጅሊ ግን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የምዕራቡ ሶሻል ወርክ ወደ ሦስተኛው ዓለም እንዳለ መጫኑን የሙያ ኢምፔሪያሊዝም ብሎ ተችቶታል። ከሚጅሊም በፊት አዲስ አበባ አለች። የአፍሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ማኅበር በ1971 ተቋቁሞ ጽሕፈት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ አድርጎ ነበር። ከየአገሩ የመጡ መምህራን ሴሚናር ያካሂዱ ነበር፤ የአፍሪካን ቤተሰብ፣ የገጠሩን ኑሮ፣ ልማትን ያልያዘ ሥርዓተ ትምህርት ምን ይሠራልናል እያሉ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ የባለጉዳይ ታሪኮችን ለማስተማሪያ እንዲሆኑ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ያሳትሙ ነበር። ማኅበሩ በ1989 አከተመ። ኅትመቶቹ በየመጋዘኑ ተበታተኑ፤ ተመራማሪዋ ሊንዳ ክራይትዘር ፈልጋ ሰብስባቸው በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ በኩል በዲጂታል እስኪቀመጡ ድረስ የሚያነባቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ በለንደንና በሜልበርን የሚጻፈው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተጠይቆ ነበር።

የኢትዮጵያው ትምህርት ቤት ራሱ በ1959 ነው የተከፈተው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረና ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ። የተመለሰው በ2004 ነው፣ በማስተርስ ደረጃ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ ዲኑ አብዬ ጣሴ ነበሩ፤ በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መምህራን እየላከ አገዘ። አብዬ በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2006 የዶክትሬት ትምህርት ተጀመረ፤ ከዚያም ጎንደርና ጅማን ጨምሮ በየክልሉ ክፍሎች ተከፈቱ። ያለ መምህር የጀመረ ትምህርት ቤት ስለሆነ የራሱን መምህራን ሲያመርት ቆይቷል፤ የተጻፈውም በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው ማኅደር ውስጥ አሉ፣ ማንም ሊያነባቸው ይችላል፣ በባለቀለሞቹ ክቦች ውስጥ ግን አይቆጠሩም። ቢቆጠሩ ሥዕሉ ይለወጥ ነበር፤ ምክንያቱም ርዕሳቸው የተማሪ መተማመን ሳይሆን የጎዳና ልጆች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ ዕድር፣ ያለ ጧሪ የቀሩ አዛውንት ናቸው።

ከዚያ ሥራ ዓለም አቀፍ ጆርናል ላይ የደረሰ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ገዳም ሰፈር ከሚባለው አካባቢ ነዋሪዎች ጋር የትብብር ሥራ ጀምሮ ነበር፤ መነሻው ሰፈሩ የጎደለውን ሳይሆን ያለውን ሀብት መቁጠር ነው። ስለዚሁ ሥራ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከተመራማሪዋ አሊስ ጆንሰን ባተርፊልድ ጋር በ2012 ያሳተሙት ጽሑፍ ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «መንገድ አይበላም» እንደማለት ነው። ነዋሪው አለበት፤ የሚፈልገውና የማይፈልገው፣ ልማት ሲባል የሚሰማው አለበት። ጽሑፉ የወጣው በማኅበረሰብ ሥራ ጆርናል ላይ ስለሆነ፣ «የሶሻል ወርክ ትምህርት» ብሎ ለሚፈልግ ተመራማሪ ኮምፒውተሩ ላያመጣለት ይችላል።